ወሬ የማያወጣ ዕቃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ። የእናቴ የወይዘሮ ገበያነሽ የጸሎት ርዕስ ደብተር፣ በተወለደ በስድስት ዓመቱ፣ ባጋጠመው ድንገተኛ አደጋ ሽሮ ድስት ውስጥ ገብቶ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች ባለ መቶ ገጽ፣ ሰማያዊ ሽፋን፣ ጠባዩ ዝምተኛ ነበር። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት... የለም። ምድጃው አጠገብ ተሰጥቷል። እየደረቀ ነው።

እኔ በቦታው አልነበርኩም። ይህን የምጽፈው ምናልባት ምርመራ ቢጀመር ነው። እዚህ ቤት አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው የኔ ስም ስለሆነ። የዛሬዋ ጥፋተኛ ግን ራሷ እማዬ ናት። ዓይኗ ደክሟል። ደብተሩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ እያነበበች በሌላ እጇ ታማስላለች... ሾለከ። ማታ ስገባ ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት።

የሰፈሩን የሴቶች የጸሎት ቡድን የምትመራው እሷ ናት። ስምንት ናቸው። እያንዳንዷ የከበዳትን ነገር ለእማዬ በጆሮዋ ትነግራታለች። እማዬ ትጽፈዋለች። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳና ጓዳ ገብታ አንድ በአንድ ትጸልይበታለች። ምን እንደተጻፈ ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዴ ልገልጠው ሞክሬ በማማሰያ ተመትቻለሁ። ክርኔ እስካሁን ያስታውሳል። «እዚህ ውስጥ ያለው የኔ አይደለም፤ የሰው ነው» ነበር ያለችኝ።

አሁን ምን ላይ ልትጽፍ ነው? ብትጽፍስ በምን ዓይኗ ታነባለች?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሴቶቹ ዛሬ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ውሳኔ ተላለፈ፦ ለገበያነሽ ታብሌት ይገዛ። ፊደሉ የሚተልቅ፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም ርዕሱንም የሚይዝ። አዋጥተዋል። ማን ይምረጥ? እማዬ «አዶኒ ሞባይል ቤት አይደል እንዴ የሚሠራው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኛው አዶኒያስ? ጌታ ሆይ!» እትዬ ዶርቃ ናት።

እውነቷን ነው። አምና «ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ብርድ ይመታዋል» ብያት አንድ ወር ሙሉ በጋቢ ስትጠቀልለው ከርማለች። ሌሎቹም የየራሳቸውን አነሱ። በየተራ። የክስ መዝገብ የሚነበብ ነበር የሚመስለው። ግማሹን ረስቼው ነበር... ጥሩ ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ ለካ።

እማዬ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ «ይመርጣል። ልጄ ነው» አለች። በቃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ወሬ የማያወጣ ዕቃ ይሁን።»

«እማዬ ደግሞ! ዕቃ አፍ አለው?»

«ያንተ ስልክ ባለፈው ስለ ጫማ ስናወራ ውሎ ማታ ጫማ አላሳየህም? ጆሮ ከሌለው በምን ሰማ?»

ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንግዲህ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን ነው የሚመልሰው። ደግሞ ይሄ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጥቶ ይሆናል። እህቴ ሩቲ አሥራ አንደኛ ናት፤ ጠየቅኳት። «ኖት ላይ አልደረስንበትም» አለችኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

የምሠራው ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ሃምዛ ሱቅ ነው። እሱ ባለሱቅ፣ እኔ የስልክ ግላስ ለጣፊ። አየር ሳይገባ እለጥፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ።

ሦስት ታብሌት ደረደረልኝ። አንደኛው አዲስ ነው፣ ርካሽ፣ ጀርባው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ሰርግ ቤት። ሁለተኛው ያገለገለ ነው። ስከፍተው «እንኳን ደህና መጣሽ ሐሚዳ» ይለኛል። የድሮ ባለቤቱ ውስጡ ቀርታለች። ደንግጬ ዘጋሁት፤ ሳላንኳኳ ሰው ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሦስተኛው ንጹህ ነው፣ ምንም ትርኪ ምርኪ የለበትም፤ ድምፁ ግን የታመመ ሰው ነው። ከትራሱ ስር የሚያወራ።

ርካሹን ገለጥኩ። ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ሃያ ሦስት አፕ አለበት። ማን ጫነው? ማንም። ፋብሪካው። የእያንዳንዱን ፈቃድ አየሁ። ባትሪው... መብራት የሚያበራው ባትሪ... የስልክ ቁጥሮቼን በሙሉ ማየት ይፈልጋል። ለምን? ማታ ማታ ሊደውልላቸው ነው? የአየር ጠባዩ ፎቶዬን ይፈልጋል። ካልኩሌተሩ ማይክራፎን! ሲደምር እንድዘምርለት ነው?

«ሃምዛ፣ እነዚህን አጥፋልኝ።»

«አይጠፉም። ከእናቱ ሆድ ይዟቸው ነው የመጣው። ማስተኛት ነው የምትችለው።»

«ከእንቅልፋቸው ቢነቁስ?»

«መልሰህ ታስተኛቸዋለህ። ልጅ አሳድገህ አታውቅም?»

ሙድ ያዘብኝ። ግን ቀልድ አይደለም'ኮ። ስምንት ሴቶች ለእማዬ በጆሮ የነገሯት ነገር ካልኩሌተር ጆሮ ውስጥ ቢገባ... ማን ትመስላለች? ወሬኛ። ስድስት ዓመት ያመኗት ሴት። አስገቢውም እኔ።

«ሳምንት ሞክረውና መልስልኝ» ብሎ ርካሹን ሰጠኝ። ግላስ በነጻ ለጠፍኩለት። አየር ገባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዕቅድ አወጣሁ። ረቂቅ ዕቅድ። ለራሴ ባጨበጭብ ደስ ይለኛል።

ይሰልላል አይሰልልም የሚለውን ለማወቅ ውሸት አበላዋለሁ። የትም ያልተወራ፣ ማንም የማያውቀው ነገር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ማስታወቂያ ካሳየኝ... ተይዟል። ግን ውሸቱ ሰው የሚጎዳ መሆን የለበትም። ስለዚህ በራሴ ላይ። (ይሄን ያህል ጨዋ መሆኔን እትዬ ዶርቃ ብታውቅ!)

ከስልኬ ሆትስፖት ከፈትኩለት። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። «ሴቭድ» አለ። ተገናኘ። ማስታወሻ መጻፊያው ላይ፣ እውነት እንዲመስለው ልክ በእማዬ አጻጻፍ፣ ፊደሉን አተልቄ እንዲህ ጻፍኩ፦

«የጸሎት ርዕስ። አዶኒያስ። ግራ ጆሮው መስማት እያቆመ ነው። ለማንም አልተናገረም። አፍሮ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልገው ይሆናል።»

አሁን የመስሚያ መሣሪያ ማስታወቂያ እጠብቃለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ምንም።

ማይክራፎኑ በደንብ እንዲሰማ ሳልቆልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር የዋልኩት። ተጠግቼም «ጆሮዬን... ወይኔ ጆሮዬን...» አልኩት። ሩቲ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከካልኩሌተሩ።»

ሄደች። እዚህ ቤት ብዙ አይጠየቅም።

እማዬ ታብሌቱ ላይ ፊደል ስትነካ ነበር፤ ትለማመድበት ብዬ ተውኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሰው ሁሉ ዛሬ ምን ነካው? የታክሲው ረዳት «ላፍቶ ወራጅ!» ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ረዳት ሁሌም ይጮሃል፤ የዛሬው ግን አጎንብሶ ነው፣ ትንፋሹ እስኪሞቀኝ። ሊስትሮው «አዶኒ! መኪና መጣ!» አለኝ... መኪናው ማዶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሙዝ ይበላል። ባለሱቋ ሳሙና ስጠይቃት በጣቷ ቆጥራ አሳየችኝ። አንድ ሳሙና! አንድ ጣት!

አስቀይሜያቸው ይሆን? ያላወቅኩት ጥፋት አለ? የማውቀውን ቆጠርኩ፤ ለዚህ የሚበቃ አላገኘሁም።

እማዬ ደግሞ ማታ ከሥጋው መርጣ መርጣ ለእኔ አወጣች። ወንበሯን አዙራ በቀኜ ተቀመጠች። ሩቲ ሳህኗን አየች፣ ሳህኔን አየች፣ «እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጉድ ፈላ።

አከራያችን ጋሼ ዱጉማ ጠዋት በር አንኳኩ። የዚህ ሰፈር ነባር ገበሬ ናቸው፤ እርሻው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሲሆን እሳቸው ሁለት ላምና ይሄን ግቢ ይዘው ቀሩ። በትንሽ ብልቃጥ ዘይት ይዘዋል።

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! ሞቅ አድርገህ ሁለት ጠብታ! በግራው!»

«የምን ግራ?»

«በግራ ጆሮህ!» ግቢው ተናጋ። ዶሮዎቹ ሮጡ።

ግራ ጆሮ? ይሄን የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው! «ማን ነገረዎት?» ብል «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ብለው ሄዱ። ስለዚህ ነዋ ሰው ሁሉ የሚጮህብኝ! ወጣ። አወጣው። አራት ቀን ሳይሞላው! ማስታወቂያ እንኳ አላሳየኝም፤ በቀጥታ ለሰፈሩ ነው ያወራው!

በሩጫ ሃምዛ ጋ። ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። «ይሄ ሰላይ ነው። ከካልኩሌተሩ ጋር እሰረው።» ታሪኩን ነገርኩት። ሃምዛ አየው፣ ነካካው፣ ከዚያ በጣም በቀስታ ጠየቀኝ፦

«ኢንተርኔት በምን አገባህለት?»

«በሆትስፖቴ። ሴቭድ አለኝ'ኮ።»

«ሴቭድ ማለት አስታወስኩህ ማለት ነው። ተገናኘሁ ማለት አይደለም። የይለፍ ቃሉን ተሳስተሃል። ይሄ ዕቃ ወላሂ ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ ከማንም ጋር አውርቶ አያውቅም። ሲም የለው፣ ዋይፋይ የለው... በምን ላከው? በፖስታ?»

ሳቀ። እንባው እስኪመጣ። ደንበኛ ሁሉ ጠርቶ ነገረ። ሳስቅ የኖርኩ ሰው ሲሳቅብኝ እንዴት እንደሆነ አሁን ገባኝ... ደስ አይልም።

ግን እሱ ካላወራ... ማን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ አልቀልድም።

እማዬ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። በቀኜ ሆና፣ ከንፈሯን እንዳይ ፊቷን ቀና አድርጋ።

«ታብሌቱ ይቅር። ሴቶቹን ጠየቅኳቸው። ገንዘቡ ለልጄ ነው የሚያስፈልገው አልኩ። ምክንያቱን አልነገርኩም። አንዲትም ለምን አላለችኝም፤ ሁሉም እሺ አሉ። ጆሮ ሐኪም እንሄዳለን።»

ለካ አንብባዋለች! ያን ፊደሉን ያተለቅኩትን ወጥመድ። እሑድ ስትለማመድ። ርዕስ ምስጢር ነው ብላ ለእኔ ለራሴ እንኳ አልተነፈሰችም።

«እማዬ...»

«አይዞህ። አንተ'ኮ ከተወለድክ አንድም ቀን ጸልይልኝ ብለኸኝ አታውቅም። ስትስቅ ብቻ ነው የማይህ። እኔ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም እያልኩ ስፈራ... በአፍህ አፍረህ በዚህ ጻፍክልኝ። ስለ ጆሮህ አለቀስኩ። በመጻፍህ ግን ደስ አለኝ።»

ማን ነው ከዚህ በኋላ «ፎግሬሽ ነው፣ ውሸቴን ነው» የሚለው? እኔ እንኳ አልቻልኩም። ራሴን ነቀነቅኩ። ግራ ጆሮዬን ሁሉ ነካ አደረግኩ። ቀሽም! ቀሽም!

እሷ ካልተናገረች ታዲያ... አሁንም ማን?

አርብ፣ ጥቅምት 14

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ንጋት ላይ ነቅቼ ነበር። እማዬ ጓዳ ስትገባ ሰማኋት። ጸሎት ጀመረች። ይሄን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ቃሉን ሰምቼው የማላውቀው። እንደ ዝናብ ነው። ክዳኑን ሲመታ ማን ያዳምጠዋል?

ዛሬ አዳመጥኩ።

«ጌታ ሆይ! የአዶኒያስን ግራ ጆሮ ክፈት! ለሰው መናገር ያፈረውን ልጄን ተመልከተው!» በሙሉ ድምፅ። እጇን እያጨበጨበች። ጓዳው ጭቃ ነው፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከኋላው የጋሼ ዱጉማ በረት። በመሃሉ አንድ ክንድ የማይሞላ ግድግዳ።

ከግድግዳው ማዶ... «አሜን» አለ አንድ ሰው።

ከዚያ እማዬ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፈች። የእትዬ ዶርቃን ስም ጠራች። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ዘግይቼ ነበር። የሰማሁትን እዚህም አልጽፈውም።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ጋሼ ዱጉማ ላሟ ስር ተቀምጠው ያልባሉ።

«ጋሼ... ይሰማል እንዴ?»

«ምኑ?» ብለው ጮኹ።

«ቀስ ይበሉ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። የእማዬ ጸሎት። ሁልጊዜ ይሰማል?»

ማለባቸውን አላቆሙም። «ላሟ እንኳ ያን ሰምታ ነው ወተት የምትለቀው። እናትህ ለጉባኤ ሀዋሳ የሄደች ሳምንት አስቸግራኛለች።»

«የሁሉንም ሴቶች? ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«እንግዲህ ጆሮ ክዳን የለው።»

«ለማን ተናገሩ?»

ቀና አሉ። ተቆጡ። «ለማን እናገራለሁ! እኔ ሰርቄ አልሰማሁ፤ መጥቶ ገባ። አንዷ ልጅ ታሞባታል ሲባል ወተት በራፏ ላይ አስቀምጫለሁ። ሌላ ምን አደረግሁ?»

ወተቱ! አምና ጉባኤ ላይ አንዲት እህት ምስክርነት ሰጥታበታለች። በራፌ ላይ ያስቀመጠው መልአክ ነው ብላ። ቤቱ በእልልታ ተናግቶ ነበር። ለካ መልአኩ ቦት ጫማ ያደርጋል።

«ታዲያ የኔን ለምን ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩት?»

«ያንተ ጆሮ ነዋ! ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ መኪና ቢገጭህስ? ለረዳቶቹ ነገርኩ፣ ለሊስትሮው ነገርኩ፣ ለባለሱቋ ነገርኩ። ጩኹለት አልኩ። ይሄ ደግሞ ምስጢር ነው እንዴ?»

ከታለበው አንድ ኩባያ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ።

ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ሃያ ሦስት አፕ በየተራ ስመረምር... ወሬ የሚያወጣው ግድግዳው ነበር። ፈቃድ ሳይጠይቅ። ከፋብሪካው ጋር የመጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሴቶቹ መጡ። በእኔ ላይ እጃቸውን ሊጭኑና ሊጸልዩ። ስምንት ሴት፣ አንድ ጆሮ። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። የእትዬ ዶርቃ እጅ ቀድሞ ደረሰ። ዓይኗ እንባ አለው። ያቺ በጋቢ ስልክ የጠቀለለች ሴት... ለእኔ ታለቅሳለች። የራሷ ጉድ ሳያንሳት (አልጽፈውም ብያለሁ)።

«ቆይ» አልኩ። «ቆዩ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ሃሌ ሉያ!» አሉ። ገና ሳይጀምሩ የተፈወስኩ መስሏቸው።

«አይ፣ አይ። ቀድሞም ደህና ነበር። ውሸት ነው የጻፍኩት። ዕቃው ይሰልል እንደሆነ ልፈትነው ብዬ። ለእማዬም አልነበረም፤ ሳትፈልገው አገኘችው።»

«አላልኳችሁም?» አለች እትዬ ዶርቃ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

እማዬ ግን ሌላ ነገር ነው የያዛት። «ሰፈሩ ሁሉ እንዴት አወቀው ታዲያ? ባለሱቋ ዛሬ የልጅሽ ጆሮ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ከኔ አፍ አልወጣም። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ከኔ አልወጣም!»

ስምንቱም እሷን አዩ። እኔም አየኋት። ፈርታ ነበር። እማዬ! ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

ዕቃው ነው ብል... ሁሉም ያምነኛል፤ ግን ታብሌት የሚባል ነገር ዳግም እጇን አታነካውም፣ ዓይኗም እየባሰ ይሄዳል። ግድግዳው ነው ብል... እዚያው፣ ሁሉም ፊት፣ የስድስት ዓመት አደራዋ ይፈርሳል።

«እኔ ነኝ ያወራሁት» አልኩ። «ሰው ሲጮህ ማየት ፈልጌ።»

አመኑኝ። ወዲያው። አንዲት ሴት እንኳ «እንዴት ተደርጎ?» አላለችም። ለዓመታት ለፍቼ ያበላሸሁት ስም አንድ ቀን እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እማዬ ተነሳች። ቀረበችኝ። ግራ ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ይዛ ጠመዘዘችው።

«ይሰማል?»

«ይሰማል! ይሰማል እማዬ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሩቲ ከበሩ ስር ከሁሉም በላይ። ሲሄዱ ግን እማዬ ድስቱን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ «እኔ'ኮ ጻፈልኝ ብዬ...» አለች። አልጨረሰችውም።

ጥምዘዛው ይሻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ግራ ጆሮዬን ያመኛል። የምሬን ነው። ማንም አያምነኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መረጥኩ። ጆሮዬ ደህና ከሆነ ገንዘቡ ለታብሌቱ ይመለስ ብላለች እማዬ።

ሃምዛ ንጹሁን ታብሌት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ምንም አፕ የሌለበትን፣ ያን ከትራስ ስር የሚያወራውን። «ርካሹን ስጠኝ» አልኩት።

«ሰላዩን?»

«ድምፁ እስከ የት ይሄዳል?»

ከፈተልኝ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ዞሮ አየን።

«አንተ ልጅ» አለ ሃምዛ፣ «ሱቄ ውስጥ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ማይክራፎን፣ ስለ ካልኩሌተር ሰብከህ ሰብከህ... በድምፅ ማጉያ ነው የምትመርጠው?»

«ግድግዳችን ቀጭን ነው» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። አይግባው።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ሃያ ሦስቱንም አንድ በአንድ አስተኛሁ። ባትሪውን ቁጥር ከለከልኩት። የአየር ጠባዩን ፎቶ ከለከልኩት። ካልኩሌተሩን ማይክራፎን ነጠቅኩት፤ አኩርፎ ይሆናል፣ ይደምር። የኔን ሆትስፖት እንኳ እንዲረሳ አደረግኩ። ሲም የለ፣ ዋይፋይ የለ። መጽሐፍ ቅዱሱን በትልቅ ፊደል፣ መዝሙሮቹን ከሃምዛ ኮምፒውተር በሽቦ ጫንኩ። ማስታወሻው ላይ የይለፍ ቃል። ቃሉን እማዬ ብቻ ትመርጣለች፤ እኔ ዞሬ ግድግዳ አያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። ከእሷ ቀድሜ ነቃሁ። ሩቲ ይሄን ካየች ሐኪም ቤት ትወስደኛለች።

ታብሌቱን ጓዳው ውስጥ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደ በረቱ አዙሬ። መዝሙር ከፈትኩ። «እማዬ፣ መዝሙር ከኋላ ሲኖር ጸሎት ደስ ይላል አሉ።»

አየችኝ። ታብሌቱን አየች። ወዴት እንደዞረ አየች። ግድግዳውን... ረጅም ጊዜ አየችው።

እጇን ዘርግታ ድምፁን ራሷ ጨመረችው። ጥግ ድረስ።

አወቀች? ወጥቼ በረቱ ጋ ቆምኩ። መዝሙር ብቻ። አንድ ስም እንኳ አይለይም። ጋሼ ዱጉማ ላሟ ስር ሆነው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለዋል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ምንም። ሬዲዮ ጣቢያው የጠፋበት ሰው ነው የሚመስሉት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከጉባኤ ስንመለስ እማዬ ያን የሞተውን ደብተር ከሳጥኗ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ደርቋል። ጥጉ ቢጫ ነው።

«ወደ ዕቃው አንተ ገልብጠው። ዓይኔ አይችልም።»

«እኔ? ሁሉንም? እማዬ፣ እኔ'ኮ አዶኒያስ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ» አለች። ከዚያ ፊቷ ሳይፈታ፦ «ጆሮህ እንደሆነ አይሰማም።»

...አወቀች። የግድግዳውን ነገር አውቃለች!

ከሰዓት ስገለብጥ ዋልኩ። እያነበብኩ ሳይሆን ፊደል በፊደል፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ። አንድ ገጽ ላይ የኔ ስም ነበር። ሌላ ገጽ ላይም። በየገጹ ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል፦ «አዶኒ።» ምን እንደምትጠይቅልኝ እንኳ አልጻፈችም። እነዚህን አልገለበጥኳቸውም። የኔ ስለሆኑ ደብተሩ ላይ ይቅሩ።

ስጨርስ ግን ባዶው መጨረሻ ላይ አንድ ርዕስ ጨመርኩ። እውነተኛ። በራሴ ስም፣ ለእማዬ። ምን እንደጻፍኩ ለዚህ ማስታወሻም አልነግርም። (ሩቲ፣ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ... ሂጂ አጥኚ።)

ማምሻውን ጋሼ ዱጉማ ግቢው ውስጥ ያዙኝ።

«ያ ጉርባ። ይሄ መዝሙር ጥሩ ነው። ላሟም ለመደችው። ግን...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዚያች የዶርቃ ነገር ምን ደረሰ?»

«ምን አሉኝ?»

«የዶርቃ ነገር!»

እጄን ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

«አልሰማሁም ጋሼ። ጆሮዬን ያመኛል።»

ቆመው አዩኝ። ሳቁ። ነገ ግማሽ ሊትር ወተት የሚቀመጥበትን በራፍ ግን እሳቸው ቀድመው እንደሚያውቁት አልጠራጠርም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ለወጣው የሞት ማስታወቂያ እርማት። እንደ ቀብር ያወጅኩት፣ ሃያ ሦስት ሰላይ ያሰርኩበት፣ ሰፈር ያስጮህኩበት ነገር ሲጣራ ይሄ ነው፦ አንድ ደብተር ሽሮ ነካው። በቃ። ሟችም አልሞተም፤ ትራሴ ስር ነው። ትንሽ ሽሮ ሽሮ ይሸታል እንጂ ደህና ነው።